ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ሆድ ሲሞረሙር

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ሐዋሳ ቤቱ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «አይርብህም ብለውኝ አልነበር? ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ተስፋው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስሊቭ በሚባለው የቀዶ ጥገና ዓይነት ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ሲወጣ፣ ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው የላይኛው ክፍል አብሮ ይሄዳል። ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ከአንጀት ጋር በሚያገናኘው በባይፓስ ደግሞ ምግብ የሚቀበለው ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ይይዛል። ፈሳሽ ብቻ በሚፈቀድባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ የሚሞረሙረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ፈልጎ አይደለም። ውሃ ጥም፣ አሲድ፣ ልማድ፣ አንዳንዴም የደም ስኳር መውረድ ረሃብ መስለው ይመጣሉ። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። የሚቸገረው ሁሉንም በአጥሚት ለማስታገስ የሚሞክር ሰው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ቀዶ ሐኪማችሁ የሰጣችሁ ወረቀት እዚህ ከተጻፈው ከተለየ፣ ወረቀቱን ተከተሉ።

ጥሙ

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፤ በሐዋሳ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ድሮ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጥ ሰው አሁን ሁለት ጉንጭ ሲጠጣ ደረቱ ላይ ይቆምበታል። ስለዚህ መጠጣቱን ይተወዋል፤ ማታ አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያዞረው «ራበኝ» ይላል።

የቀኑ ግብ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ነው። በየ15 ደቂቃው 30 ሚሊ ሊትር ብትጠጡ በሰዓት 120 ይሆናል፤ ነቅታችሁ በምትቆዩባቸው 14 ሰዓታት 1.68 ሊትር ሞላ ማለት ነው። 30 ሚሊ ሊትርን በዓይን መገመት ያሳስታል። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፣ ያለ መርፌው ሦስት ጊዜ ውሃ እየሳባችሁ የቡና ሲኒ ውስጥ ጨምሩና የት እንደሚደርስ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ሦስት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፤ ማታ ሦስቱም ባዶ መሆን አለባቸው። በስትሮ መጠጣት አየር ስለሚያስገባ ይቅር። አምቦ ውሃም ሆነ ኮካ ጋዙ የተሰፋውን ጨጓራ ስለሚወጥር አይሆንም።

ሆዳችሁ ሲሞረሙር በመጀመሪያ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀስታ ጠጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ጥም ነበር። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ስትነሱ ዓይናችሁን ጭው ካደረገው ግን ፈተናው ቀድሞ ተመልሷል፤ ፈሳሽ ጎድሏችኋል።

አሲዱ

የአሲድ «ረሃብ» ከጡት አጥንት ሥር ያቃጥላል፣ አፍን ያመራል፣ ወተት ሲጠጡበት ለጥቂት ደቂቃ ይተኛና መልሶ ይነሳል። ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለዚህ ነው ኦሜፕራዞል ወይም መሰሉ ለወራት የሚታዘዘው። ሰው የሚሳሳተው ሕመሙ ሲጠፋ መድኃኒቱን በማቆም፣ ወይም ከምግብ በኋላ በመውሰድ ነው። ጠዋት ምንም ከመቅመሳችሁ 30 ደቂቃ በፊት ውሰዱት። ካፕሱሉን ለመዋጥ ካስቸገራችሁ ከፍቶ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ግን አይፈጩም፣ አይታኘኩም። ማታ ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት መጠጣት አቁሙና የአልጋውን ራስጌ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

ራስ ምታት ሲመጣ ከመሳቢያ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አውጥቶ መዋጥ፣ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው፣ የጨጓራ ቁስለት መጥራት ነው። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ልማዱና የቡናው ሰዓት

ልማድ የሚያመጣው ረሃብ ሰዓት ያውቃል። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቡና ሲቆላ፣ ጎረቤት ሽሮ ስታቁላላ ይመጣል፤ «ምግብ» ሳይሆን አንድ የተወሰነ ምግብ ይጠይቃል፤ ካልሰጡት በ15 እና በ20 ደቂቃ መካከል ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ከቤት ወጥቶ ወደ ፍቅር ሐይቅ በኩል ቀስ ብሎ መራመድ ቤት ቁጭ ብሎ ከመታገል ይሻላል፤ መራመዱ እግር ላይ ደም እንዳይረጋም ይረዳል። የቡናው ቁርስ ከቡናው ይከፋል፦ ቆሎና ፈንዲሻ በእነዚህ ሳምንታት ጨርሶ አይነኩም።

ጫት ረሃብ ያጠፋል የሚለውን ምክር የሚሰጥ ጓደኛ አይጠፋም። የምግብ ፍላጎት መቀነሱ እውነት ነው። ግን ፈሳሽ መጠጣትን ያስረሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል። ከስፌቱ ላይ ፈሳሽ መፍሰሱን ቀድሞ ከሚያሳዩት ምልክቶች ዋናው ደግሞ ያው የልብ ምት መፍጠን ነው። ጫት የቃመ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጁ ያደናግራል።

የስኳር ሕመምተኞች ለብቻ ይታያሉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ በድሮው መጠን እየወሰዱ በፈሳሽ ብቻ መዋል ስኳርን ያወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። ለካችሁ ከ70 በታች ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ፉት በሉ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ደውላችሁ መጠኑ ይስተካከል።

አጥሚቱ፣ ቡላውና ዓሣው

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። አጃ አጥሚት በቅቤና በማር፣ የቡላ ገንፎ፣ የአቮካዶ ጁስ ይዞ «በሞቴ» ይላል። ችግሩ አጥሚቱ መቅጠኑ ላይ አይደለም፤ ማሩ ላይ ነው። ጣፋጭ ፈሳሽ ባይፓስ የተደረገለት ሰው አንጀት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲገባ በ10 እና በ30 ደቂቃ መካከል ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ያስቀምጣል። ቡላ ደግሞ ከሞላ ጎደል ስታርች ብቻ ነው፤ ይጠግባሉ፣ ፕሮቲን የለም፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይርባል። ብስኩት በሻይ ነክሮ መብላትም እንዲሁ፦ ሟሙቶ ያልፋል፣ አያጠግብም፣ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ረሃብን በትክክል የሚያርቀው ፕሮቲን ነው፤ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው አይደርስበትም፤ በየቀኑ መቅረብ ይበቃል። 200 ሚሊ ሊትር ወተት 6.5 ግራም ገደማ አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ሲጨመርበት ወደ 10 ግራም ይጠጋል። እንዲህ ያለ አራት ብርጭቆ በቀን ከፋፍላችሁ ብትጠጡና አንድ መስፈሪያ ያልጣፈጠ የፕሮቲን ዱቄት ብትጨምሩ 60 ግራም ሞላ። ወተት ሆድ ከነፋ ወይም ካስቀመጠ ወደ እርጎ ወይም ወደ አሬራ ዙሩ፤ ሲረጋ የወተቱ ስኳር ስለሚቀንስ ይቀላል። ግን ከተፈላ ወተት ቤት የረጋ ይሁን። ያልተፈላ ወተት የሚያመጣው ትውከት በዚህ ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ረገድ ሐዋሳ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በየቀኑ ትኩሱ ይገኛል። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የሚሸጠው ሾርባ ሚጥሚጣና ዳጣ ስላለበት ለጊዜው ይቅር፤ ጥሬ ዓሣውም እንዲሁ። ቤት ሥሩት፦ የአንድ ቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ትንሽ ጨው በ1.5 ሊትር ውሃ፣ በትንሽ እሳት 40 ደቂቃ። በወንፊት፣ ቀጥሎ አጥንት እንዳያሳልፍ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን ስብ ግፈፉ። ይህ ውሃና ጨው ነው እንጂ ፕሮቲን ብላችሁ አትቁጠሩት። ዓሣው ራሱ የሚቆጠረው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ የተፈጨ ምግብ ሲፈቀድ ነው። ያኔ 60 ግራም የበሰለ ሥጋውን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ አጥንቱን ልቀሙና ከሾርባው ጋር በብሌንደር ፍጩ፤ 15 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው።

ለእናት ወይም ለአክስት «አልበላም» ማለት ያስቀይማል። «ሐኪሙ እስከ እንዲህ ቀን ከልክሎኛል፣ ይልቅ ሾርባውን አጥልይልኝ» ማለት ግን ሥራ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ጾምን በተመለከተ የተሻለው ቀጠሮውን ከዐቢይ ጾም በኋላ ማድረግ ነው። በፈሳሽ ሳምንታት በአኩሪ አተር ወተትና በቀጭን ሽሮ ብቻ 60 ግራም መድረስ በጣም ይከብዳል። ቀኑ ከገጠመ ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት የነፍስ አባትን አነጋግሩ። ረመዳን ላይም እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ለዚህ ጨጓራ አይሆንም።

ረሃብ ያልሆነው

ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ከተሠራ የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀት ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ተቀምጣችሁ የልብ ምታችሁ በደቂቃ ከ120 ከበለጠ፣ ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ የሆድ ሕመሙ ከጨመረ፣ ግራ ትከሻ ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አንድ ባት ካበጠ አዲስ አበባ ለመሄድ መኪና አትፈልጉ። ቀጥታ ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡና ወረቀቱን አሳዩ፤ ከዚያ ሆነው ሐኪማችሁ ጋ ይደውላሉ። ውሃ እንኳን የማያስቀር ትውከት አንድ ቀን ከሞላም እንዲሁ። ሲረዝም ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፣ ያ ደግሞ አእምሮንና እግርን ይጎዳል፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 እንዲሰጣችሁ ንገሯቸው።

እንጀራስ?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህንን ነው። ብዙውን ጊዜ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ለስላሳ እንቁላል፣ አይብና ዓሣ ያለ ችግር ካለፉ በኋላ። እንጀራ ሲታኘክ መልሶ ሊጥ ይሆናል፣ ወጥ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ፕሮቲኑን አስቀድሙ፣ ከዚያ የግማሽ መዳፍ ያህል ስስ እንጀራ በትንንሹ እየቆረሳችሁ አላምጡ። ከምግቡ 30 ደቂቃ በፊትና በኋላ ውሃ የለም። ጉርሻ ለጊዜው ይቅር። ስቅታ ከመጣ፣ አፍንጫ መፍሰስ ከጀመረ ወይም ደረት ላይ የሚጫን ነገር ከተሰማችሁ ያ ጥጋብ ነው፤ እዚያው ላይ ሳህኑን ግፉት።