የአጎቴ መጫኛና የእኔ ቀይ ቀበቶ

አጎቴ የኤሌክትሪክ መኪናዋን ኮፈን ሁለት ጊዜ አስከፈተን። "ሞተሯ የት አለ?" ይላል። የእህቴ ባል ብርቱካናማዎቹን ወፋፍራም ገመዶች እያሳየ ሊያስረዳው ሞከረ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነ ግን ያስታውቅበታል። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና "ይሁና! ዋናው መሸከሟ ነው" አለ።

ደብረ ብርሃን ነን። ወሩ ጥር ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ውርጩ የመኪናውን መስታወት ነጭ አድርጎታል። የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ነው፤ ከዴንቨር አጠገብ። የዴንቨር ፈረንጆች "ከተማችን ከፍታዋ 1,609 ሜትር ነው" እያሉ ይኮራሉ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ተቀምጣ ማንም ነገሬ አይላትም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ይህንን እያሰብኩ ነበር።

የመጣሁት ለሠርግ ነው። የእህቴ ልጅ ደብረ ሲና ላይ ያገባል። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ዕቃውን የምናደርሰው እኛ ነን። መኪናው የቻይና ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የብዙ ሰው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የእህቴ ባልም የነዳጅ ሰልፍ አንገፍግፎት ገዛት። ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቷት ያድራል፤ ጠዋት ሙሉ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ። እኔ ኦሮራ ውስጥ ለሦስት ዓመት ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ነድቻለሁ። ሥራዬ ለሐበሻ መደብሮች ጤፍ፣ በርበሬ፣ እንጀራ ማመላለስ ነው። የካሶኒው ርዝመት 1.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቅ ይመስላል እንጂ የጤፍ ከረጢት ሲደረደርበት ቶሎ ይሞላል። የሚሸከመውም እንደ ባትሪው ዓይነት ይለያያል፤ ከሁሉም የሚሻለው 1,000 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ትልቁን ባትሪ ከመረጥክ የምትጭነው ይቀንሳል። ባትሪው ራሱ ጭነት ነውና።

የምወዳት ግን ከፊት ያለችውን ሳጥን ነው። ሞተር ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ 400 ሊትር ይይዛል፣ ይቆለፋል፣ ዝናብ አይገባውም። እንጀራ የማደርገው እዚያ ነው። ካሶኒው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሰኪያ አለ። አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ግቢ መብራት ጠፍቶ እናቶች ሲጨነቁ ምጣዱን ከመኪናዬ ጋር ሰክተን እንጀራ ተጋገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዲያቆን ያከብሩኛል።

እናም ደብረ ብርሃን ላይ ጭነቱን የምመራው እኔ መሆኔ አላጠራጠረኝም። ሻንጣዬ ውስጥ አራት ቀይ የማጥበቂያ ቀበቶ ይዤ መጥቻለሁ። ጥርስ ያለው ብረት አላቸው፤ እጀታውን ወዲያ ወዲህ ስትለው ቀጭ ቀጭ እያለ ይወጥራል። የሚጫነው እንዲህ ነው። አራት ኩንታል ገብስ። የድንኳን ብረቶች። ስድስት ሳጥን ለስላሳ። ሁለት የመንዝ በጎች። አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ጠላ፣ ሁለት ሦስተኛው የተሞላ። ጠላው ገና እየፈላ ስለሆነ "ክዳኑን እንዳታጠብቁት፣ ይፈነዳል" ተብለናል።

በርሜሉን መጨረሻ ላይ፣ ከኋለኛው ስፖንዳ አጠገብ አቆምኩት። ምክንያት ነበረኝ። ደብረ ሲና ስንደርስ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው። ገብሱን በግራና በቀኝ አደረግኩ። በጎቹ መሃል ላይ፣ ጭድ ላይ። በርሜሉን በአናቱ ላይ በሁለት ቀበቶ ጠፍሬ ያዝኩት። የድንኳኑ ብረት ወደ ኋላ ወጣ ስላለ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት፤ ኮሎራዶ ውስጥ ሕግ ነው፣ ለምዶብኛል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ፎቶ አነሳሁት።

አጎቴ ዞር ዞር እያለ አየ። በወጣትነቱ ከመንዝ እስከ ቆላው ድረስ በቅሎ ጭኖ ነግዷል። በርሜሉን በከዘራው ነካ ነካ አደረገውና "ከፊቱ ምን ይይዘዋል?" አለኝ።

"ቀበቶው ይይዘዋል ጋሼ።"

"ቀበቶው እማ ወደ ታች ነው የሚይዘው። እኔ የምልህ ከፊቱ።"

"አይንቀሳቀስም ጋሼ፣ እኔ በየቀኑ የምሠራው ነው።"

ዝም አለ። ትልቅ ሰው ዝም ሲል መጠርጠር ነበረብኝ።

መጀመሪያው መንገድ ሰላም ነበር። የእህቴ ባል ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እኔ የኋላውን መስታወት አያለሁ፣ ምንም ነገር የለም። ጉዶ በረት ልንደርስ ስንል አህያ የጫነ ልጅ ድንገት አስፋልቱን ሊሻገር ገባ። የእህቴ ባል ፍሬን እንኳ አልረገጠም። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ፣ በቃ። (ነዳጅ የለም እንጂ ስሙን ምን እንበለው?) መኪናዋ በአፍንጫዋ ተደፋች። ከኋላችን ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የበግ ጩኸት።

ወርደን ስናይ በርሜሉ ወደ ፊት ተንሸራቶ፣ በጎቹ ላይ ተጋድሟል። ቀበቶዎቹ አልተበጠሱም። ላስቲኩ ሙልጭልጭ ስለሆነ ከሥራቸው ሾልኮ ነው የወጣው። ክዳኑ የለም። አንደኛው በግ ከራሱ እስከ ጭራው ጠላ ጠጥቷል፤ ጉሹ ከጸጉሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላኛው ይልሰዋል።

አጎቴ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ስንት ቦታ እግሩን አንስቷል፤ በርሜሉ ለምን ያኔ አልወደቀም? መልሱን አውቀው ነበር፣ ግን ከጭነት ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሠራል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ መኪናዋም ትያዛለች። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ግን የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሲቀዘቅዝም አይቀበልም። እኛ ደግሞ በዚያ ውርጭ ሙሉ ባትሪ ይዘን ነው የወጣነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እግሩን ሲያነሳ መኪናዋ ዝም ብላ ትንሸራተት ነበር። ጉዶ በረት ስንቃረብ ባትሪው ሞቋል፣ ጎድሏልም። ያው እግር፣ ያቺው መኪና፣ ግን አያያዟ ሌላ።

ይህንን ለአጎቴ አስረዳሁት። ጸጉሩን አከክ አከክ አደረገና፣ "በቅሎም እኮ ጠዋትና ቀትር ላይ አንድ አይደለችም" አለ። አሁን ሳቅን።

ከዚያ ሁሉንም አስወረደን። ሁሉንም! መንገድ ዳር፣ ብርድ ላይ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ "ከባዱ ወደ ጋቢናው።" አራቱ ኩንታል ከጋቢናው ጀርባ ካለው የካሶኒው ግንብ ጋር ተጣብቆ ተደረደረ፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። በርሜሉ እሱን ተደግፎ ቆመ። አሁን ወደ ፊት ልሂድ ቢል መሄጃ የለውም። በግራና በቀኙ የለስላሳ ሳጥኖቹ፣ ከኋላው ጭዱና በጎቹ። በእጁ እያንዳንዱን ክፍተት ይፈትሻል። አንድ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኘ ጭድ ይጠቀጥቅበታል።

ኋላ ሳስበው ሌላም ጥቅም ነበረው። ከባድ ነገር ከኋላ ጎማ አልፎ ሲቀመጥ የመኪናው ፊት ይነሳል፣ መሪው ይቀላል። ከጋቢናው ሲጠጋ ክብደቱን አራቱም ጎማ ይካፈለዋል። ግማሽ የጎደለ በርሜል ደግሞ ከሙሉው የባሰ ነው፤ ፈሳሹ መኪናዋ ከቆመች በኋላም ይሄዳል፣ ገጭ ያደርጋል።

ቀጥሎ ከጋቢው ሥር መጫኛውን አወጣ። የበሬ ቆዳ ነው፤ ከእርጅና ጠቁሯል። መቼ እንደያዘው አላየሁም። በውኃ አራሰው። "ሲደርቅ ይጠብቃል" አለኝ። በርሜሉን ወገቡ ላይ ሁለት ዙር አዙሮ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት ቀለበት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ቀለበት ወሰደው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት ነው። ይህቺ መኪና ስትነሳም ትዘላለች፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ገና ከመጀመሪያው ነው የሚሰጠው። ወደ ኋላ ያልታሰረ ጭነት ስፖንዳውን ይመታል።

የእኔን ቀበቶዎች አልናቃቸውም። በከረጢቶቹ ላይ እንዳደርጋቸው ፈቀደልኝ። አንድ ነገር አሳየሁት። ቀበቶውን ከመወጠሬ በፊት አንድ ጊዜ ጠመዘዝኩት። ዝርግ ከሆነ ነፋስ ሲመታው ይርገበገባል፣ ያፏጫል፣ ቀስ በቀስም ይላላል። ምልክቱ ላይ ያለውን ቁጥርም አነበብኩለት። 1,500 ኪሎ ላይ ይበጠሳል የሚል ቀበቶ የሚታመነው ለሲሶው፣ ለ500 ኪሎ ነው። "ሲሶ" ስል ጆሮው ቆመ። "ልክ ነው፤ ገመድ እስከ መጨረሻው አይታመንም" አለ።

ከተነሳን ገና አምስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ "አቁም" አለ። ወርዶ መጫኛውን አጠበቀ። ጭነት መጀመሪያ መንገዱ ላይ ይረጋል፣ ገመድ ይላላል፤ በቅሎ ላይም እንዲሁ ነበር አለን። እኔ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የትልልቅ መኪና ሾፌሮች በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ ቆመው ጭነታቸውን እንዲፈትሹ ደንብ እንዳለባቸው ነገርኩት። ምንም አልደነቀውም።

ጣርማበር ጉም ውስጥ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ያዝነው። የሚወርዱት አይሱዙዎች የፍሬናቸው ሽታ ይመጣል። የእኛ ሾፌር እግሩን አንስቶ ተቀምጧል፣ መኪናዋ ራሷን ይዛ ትወርዳለች። አጎቴ ባትሪውን የሚያሳየውን ቁጥር እያየ ነው። ዋሻው አፍ ላይ 74 ነበር። ደብረ ሲና መግቢያ ላይ 76 ሆነ።

"ጨመረች እኮ!"

"ቁልቁለቱ ሞላት ጋሼ።"

"ስንመለስስ?"

"ስንመለስ ታስከፍለናለች።"

"እንዲያ በለኛ" አለ፤ ዓለም ወደ ቦታው የተመለሰለት ይመስል።

ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ከበቡት። ከኋላ በርሜሉ ጥርስ እንደነከሰ ሰው ቆሟል፤ ከጠላው ግን የቀረው ግማሽ ነው። እህቴ በጉን አሸተተችና ወደ እኔ ዞረች። ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ልመለስ ስል ሦስቱን ቀበቶ ለእህቴ ባል ተውኩለት፣ አንዱን ለአጎቴ። እሱ በተራው መጫኛውን ሰጠኝ። አሁን ላይትኒንጌ ውስጥ፣ ከፊተኛው ሳጥን ተጠቅልሎ አለ። እንጀራው ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይሸታል የሚል ደንበኛ አጋጥሞኛል።

ባለፈው እሑድ ስደውልለት ድምፁ ተቻኩሏል። ገበያ ሊሄድ አህያው ላይ በቀበቶው ጭኖ፣ ደርሶ ሊፈታው ሲል እምቢ ብሎታል።

"ጥርሷ አልለቅ አለች!"

"ጋሼ፣ እጀታው ውስጥ ትንሽ ብረት አለች። እሷን ወደ ራስህ ሳብ። ሳብክ? አሁን እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። እስከ መጨረሻው።"

ጸጥታ። ትንፋሹ ይሰማል። ከዚያ ዱብ የሚል የከረጢት ድምፅ።

"ተፈታች! በል ዝጋው፣ ሒሳብህን አትጨርስ።"