የእማዬ የኪራይ ግብር፦ ሐምሌ ላይ በድሬዳዋ የገባኝ ነገር

አባዬ ካረፈ በኋላ ቤቱ ወደ እማዬ ስም ዞረ። ለገሃሬ ነው ያለነው። ከፊት ለመንገዱ የተከፈተች አንዲት ሱቅ አለች፤ ከኋላ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች። ሦስቱም ይከራያሉ። የግብሩ ጉዳይ ሁልጊዜ የአባዬ ነበር። ሐምሌ ሲመጣ ፌስታሉን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ደረሰኝ ይዞ ይገባል። ከዚያ በላይ ጠይቀነው አናውቅም።

ሐምሌ 2016 ላይ ፌስታሉን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። የወጣሁት ደግሞ ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በ27 ነው። ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ሰው ያኔ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። ደረጃ «ሐ» ደግሞ አሳውቆ የሚከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር። ደረጃ «ለ» እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጊዜ ነበራቸው። እኔ ይሄን ሳላውቅ «እስከ መስከረም ጊዜ አለን» ብዬ እማዬን አረጋግቻት ነበር። ጎረቤታችን ባይነግሩን ቅጣት ውስጥ ገብተን ነበር። ዘግይቶ ማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር ከ5 በመቶ ጀምሮ ያስቀጣል። እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ዘግይቶ መክፈል ደግሞ የራሱ ሌላ ቅጣት አለው።

መጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት ነበረብን። ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ነው፤ ሁሉም ሰው «ቲን» ነው የሚለው። ለዚያ አሻራ ይፈለጋል። የእማዬ ጣት ግን ማሽኑ ላይ አልይዝ አለ። ዕድሜ ልኳን ልብስ ያጠበች፣ ምጣድ ላይ የቆመች ሴት ናት፤ የጣቷ መስመር ሟሙቷል። አሻራ የምትወስደው ልጅ ደጋግማ ሞከረች። «እማማ፣ እስቲ እጅዎን በነጠላዎ ይጥረጉት» አለቻት። ጠረገች፤ አልሆነም። ትንሽ ውኃ አስነክታ አደረቀችላት። አምስተኛው ላይ ማሽኑ ጢጥ አለ። እማዬ ጣቷን አገላብጣ እያየች «ይሄ ነው እንግዲህ ስሜ?» አለች። ያቺን ልጅ እስካሁን አመሰግናታለሁ። ከኋላችን ሰልፉ በር ድረስ ነበር፣ አንዴም ፊቷ አልተቋጠረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እኔ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ግብር ለእኔ ከደመወዜ የሚቆረጥ ነገር ነው፤ ተቆረጠ፣ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ የፈራሁት የእማዬ ኪራይ ከእኔ ደመወዝ ጋር ተደምሮ እንዳይታሰብ ነው። አይደመርም። የእኔና የእሷ ቢቀር፣ አንድ ሰው ራሱ ደመወዝም ኪራይም ቢኖረው፣ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ገቢዎቹን በየሠንጠረዡ ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ሠንጠረዥ «ሀ» የመቀጠር ገቢ ነው፣ «ለ» የቤት ኪራይ፣ «ሐ» ንግድ። ብዙ ሰው «ከደመወዜ እየተቆረጠ ለምን ድጋሚ?» ይላል። ድጋሚ አይደለም፤ ሌላ ገቢ ነው።

በዚያው ምሽት ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀመጥን። በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ ሒሳብ አይሠራም። የዓመቱ ገቢ 120,000 ብር ወጣ። ሠንጠረዡን ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ከ93,601 እስከ 130,800 ያለው 30 በመቶ ይላል። አባዛሁት፤ 36,000 ብር። እማዬ ዝም አለች። ቆይታ «እንግዲያ ቤቱን እነሱ ይከራዩት» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ለሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

በማግሥቱ ለትምህርት ቤታችን ሒሳብ ሠራተኛ አሳየኋት። ወረቀቱን አየችና «አቦ፣ አንቺ ደሞ! ሴትዮዋን ልትገያት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ።

አንደኛው፣ ከ120,000 ላይ ምንም አልቀነስኩም። በ2016 በሚሠራው ሕግ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላው ኪራይ 50 በመቶ ለእድሳት፣ ለጥገናና ለእርጅና ይቀነስለታል። ደረሰኝ አይጠየቅም። በዚያ ላይ በቦታውና በቤቱ ለከተማው የከፈለው ክፍያ ይቀነሳል፤ የእኛ 1,200 ብር ነበር። ስለዚህ 120,000 ሲቀነስ 60,000፣ ሲቀነስ 1,200፤ የቀረው 58,800 ነው። ግብር የሚታሰበው በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የብዙ ሰው ነው። ገቢው 30 በመቶ መስመር ላይ ሲያርፍ ሁሉም ብር 30 በመቶ የሚከፍል ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው 7,200 ብር ምንም አይከፍልም። ከዚያ እስከ 19,800 ያለው 10 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 38,400 ያለው 15 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 63,000 ያለው 20 በመቶ ይከፍላል። የእማዬ 58,800 መጨረሻው 20 በመቶ ውስጥ ነው፤ ሁሉም ግን እዚያ አይደለም። አቋራጩ ሙሉውን በ20 በመቶ አባዝቶ 3,630 መቀነስ ነው። 11,760 ሲቀነስ 3,630፤ 8,130 ብር። እኔ አላምንም ብዬ በየእርከኑ ለብቻ ሠራሁት። 1,260 ሲደመር 2,790 ሲደመር 4,080። ያው 8,130።

ከ36,000 ወደ 8,130! ቤት ስገባ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቁጥሩን ስነግራት ቢላዋውን አስቀምጣ «ድገሚልኝ» አለች።

ግን 120,000ው ራሱ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ገቢዎች ቢሮ ውስጥ ክርክር የነበረው እዚያ ላይ ነው። ሰርቪሶቹ በወር 2,000፣ 2,000 ናቸው፤ በዓመት 48,000። ሱቁ በወር 6,000 ነው። ግን ጥቅምትና ኅዳር ባዶ ነበር፤ ስለዚህ የ10 ወር 60,000። ድምሩ 108,000። የቀረው 12,000 ሴራሚክ ነው። አዲሱ ተከራይ ታኅሣሥ ሲገባ በውላችን ላይ «ወለሉን ሴራሚክ አነጥፋለሁ፣ ቀለምም እቀባለሁ፣ ወጪው የእኔ» ብሎ ፈርሟል። ወጪው 12,000 ሆነ። መዝጋቢው ውሉን አንብቦ ይሄንን ደመረው። እኔ ተቆጣሁ። «እጃችን ላይ ያልገባ ብር እንዴት ገቢ ይባላል?» አልኩት። በትዕግሥት አስረዳኝ። ተከራይ በውሉ መሠረት ከኪራዩ በተጨማሪ ቤቱ ላይ የሚያደርገው ማሻሻያ የአከራዩ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። በአከራዩ ፈንታ የሚከፍለውም እንደዚያው። አሁን ሳስበው ልክ ነው። ተከራዩ ነገ ቢወጣ ሴራሚኩን ነቅሎ አይሄድም።

ባዶ የነበሩት ሁለት ወራት ላይ ግን እኛ አሸነፍን። መጀመሪያ «12 ወር ነው የምይዘው» አለኝ። የቀድሞው ተከራይ መስከረም 30 ቁልፍ ሲያስረክብ አንድ ወረቀት ፈርሞልን ነበር። ከደብተር የተቀደደ፣ ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት ወረቀት ነው። ቀንና ፊርማ አለው። አዲሱ ውል ደግሞ ታኅሣሥ 1 ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። አያቸው፣ ቀኑን በጣቱ ተከተለው፣ ቁጥሩን አስተካከለ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት 12,000 ብር ከገቢያችን ላይ አወረደች። ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ ተከራይ ሲወጣ ቁልፉን ብቻ አትቀበሉ፤ አስፈርሙት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። አዲሱን ተከራይ ያመጣው ደላላ «ለግብር የሚሆን በ3,000 ብር ሌላ ውል እናዘጋጅ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ብሎን ነበር። እማዬ ልቧ አዘነበለ፤ አልፈርድባትም። እኔ እምቢ አልኩ። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላውን አስቡት፦ ተከራዩ ነገ ኪራይ አልከፍልም ቢልና ፍርድ ቤት ብንሄድ፣ በእጃችን ያለው ወረቀት 3,000 ነው የሚለው። ባሏ የሞተባት ሴት መተማመኛዋ ያ ውል ብቻ ነው። እሱን ራሱን ውሸት ካደረግነው በምን ትቆማለች?

ስለ ሶፍትዌር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፔ ላይ ፒችትሪ ጫነልኝ። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ የድርጅት ሒሳብ ለሚሠራ። ለሦስት ተከራይ ግን ሸክም ነው። የእኛን የግብር እርከን አያውቅም፣ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። ሁለት ቀን ታግዬ ተውኩት። የገቢዎች ሚኒስቴር ኢ-ታክስ ደግሞ እዚያ ፋይል ላላቸው ግብር ከፋዮች ነው። የእማዬ ፋይል በከተማ አስተዳደሩ ገቢዎች ነው፤ ስለዚህ ለእሷ በአካል መሄድ ነበረብን። የስልክ የግብር ማስሊያዎችንም አየሁ። እነሱ ላይ ችግሩ የትኛውን ዓመት ሠንጠረዥ እንደያዙ አለማወቃችሁ ነው። አንዴ በእጃችሁ ያሰላችሁትን አስገብታችሁ ካልተመሳሰለ ጣሉት።

እኔ ኤክሴል ላይ ረጋሁ። እሱም ሁለት ጊዜ አሳስቶኛል። የየሦስት ወሩን ድምር በየመሃሉ አስገብቼ መጨረሻ ላይ ዓምዱን በሙሉ ደመርኩት። 216,000 አለኝ። ድምሮቹም አብረው ተደምረዋል። ያገኘችው እማዬ ናት። ማን መቼ እንደከፈለ በሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ትጽፋለች። «ከመቶ ስምንት ሺህ አንዲት ብር አትበልጥም» አለችኝ በቃሏ። ልክ ነበረች። ሁለተኛው ያሳሳተኝ ነገር የቀን አጻጻፍ ነው። ታኅሣሥ 1ን በቁጥር 1/4/2016 ብዬ ስጽፍ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ቀን ወሰደው። ጳጉሜ 5ማ ሜይ 13 ሆና ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ወሩን በፊደል ነው የምጽፈው። የግብር ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ፣ ገጹንም ከሐምሌ ነው የማስጀምረው።

ይሄን ካየሁ በኋላ የራሴን የደመወዝ ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ደመወዜ 9,400 ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ 30 በመቶው 2,820፣ ሲቀነስ 955፤ ግብሩ 1,865 ነበር። 7 በመቶ ጡረታ 658 ሲጨመርበት እጄ የሚገባው 6,877። በአዋጅ 1395/2017 ሠንጠረዡ ሲሻሻል፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ሆነ፣ እኔም 25 በመቶ መስመር ላይ ወረድኩ። 9,400 በ25 በመቶ 2,350፣ ሲቀነስ 850፤ 1,500 ብር። በወር 365 ብር ለውጥ ነው፤ በእኛ ቤት የሚታወቅ ብር ነው። የደመወዝ ወረቀታችሁን እንደዚህ አድርጋችሁ ፈትሹ። የኪራይ ግብር የምታሳውቁ ግን እላይ የጻፍኩትን የ2016 ቁጥር ለአዲሱ ዓመት እንዳትጠቀሙበት፤ የተሻሻለውን ሠንጠረዥ ከቢሮው ውሰዱ።

ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ኔትወርክ ይዘረጋል። ያኔ ለአንድ ድርጅት የ14,000 ብር ሥራ ሠርቶ 2 በመቶ፣ 280 ብር፣ ቀንሰውበት ነበር። «በሉኝ» እያለ ሲያማርር ከረመ። አልበሉትም፤ ቅድሚያ የተከፈለ ግብሩ ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ይታሰብለታል። ደረሰኙን ግን ጥሎታል።

እኛ 8,130ውን ሐምሌ 29 ባንክ ከፈልን። ሰልፉ ላይ ከቁርስ እስከ ምሳ ቆመናል። በ2017 ሐምሌ ግን በ4 ሄድን። ውሉ፣ የከተማው ክፍያ ደረሰኝ፣ የአምናው ክሊራንስ (ግብር መክፈላችንን የሚያሳየው ማረጋገጫ)፣ የእማዬ ደብተር፣ ሁሉም በአንድ ክላሰር ውስጥ ነበር። ከፊታችን ሦስት ሰው ብቻ ነበር። አሻራ የወሰደችልን ልጅ አሁንም እዚያው ነበረች። እማዬ ከሩቅ አይታት ጣቷን አነሳችላት።