ለአፕል ዛፎቼ ሴሌኒየም ስፈልግ ያገኘሁት ነገር

እንጅባራ አጠገብ ጓሮዬ ውስጥ ስድስት የአፕል ዛፎች አሉኝ። ሦስቱ አና፣ ሦስቱ ዶርሴት ጎልደን የሚባሉ ዝርያዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው የተከልኳቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ደህና ሄዱ፣ ከዚያ እድገታቸው ቆመ። ቅጠላቸው አነሰ፣ አዲሱ ቅርንጫፍም ከስንዝር አላለፈም።

ያኔ ነው ሴሌኒየም ስለሚባለው፣ በጥቂቱ ስለሚፈለገው ማዕድን ያነበብኩት። በምሥራቅ አማራ ከሚበቅለው ጤፍና ስንዴ ይልቅ ወደ ምዕራብ፣ ወደኛ ጎጃም፣ የሚበቅለው ያነሰ ሴሌኒየም እንዳለው በጥናት ታይቷል። በቃ፣ ዛፎቼን የራባቸው ይሄ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፋርማሲ ሄጄ ለሰው የሚሸጠውን ባለ 200 ማይክሮግራም ክኒን ገዝቼ፣ በውኃ አሟሙቼ ሥራቸው ላይ ላፈስ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ ሒሳብ ሠራሁ።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ወደ 220 ኪሎ አፈር ይይዛል። የዓለም አፈር በአማካይ በኪሎ 0.4 ሚሊግራም ገደማ ሴሌኒየም አለው። የኔ አፈር የዚያ ግማሽ ብቻ ቢኖረው እንኳ እዚያች ካሬ ላይ 44 ሚሊግራም አለ ማለት ነው። በክኒን ሲሰላ 220 ክኒን! እዚያ ላይ አንድ ክኒን መጨመር ምን ይፈይዳል? ችግሩ ያለውም ሴሌኒየም ከአፈሩ ጋር መታሰሩ ነው።

ቀይ አፈራችን ብረትና አልሙኒየም የበዛበት ነው። የኛ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስደውና አፈሩ ይኮመጥጣል። በኮምጣጣ አፈር ሴሌኒየም ሴሌናይት በሚባለው መልኩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ኮምጣጣነቱ ሲቀንስና አፈሩ አየር ሲያገኝ ሴሌኔት ወደሚባለው ይለወጣል፤ ይሄኛው በውኃ ይሟሟል፣ ሥር ሰልፈርን በሚያስገባበት በር ይገባል። ስለዚህ ሰልፈር ሲበዛ ይጋፋዋል፤ የምንጠቀመው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 7 በመቶ ሰልፈር እንዳለው አስቡ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዛፍ ለመኖር ሴሌኒየም የግድ እንደሚያስፈልገው አለመረጋገጡ ነው። የግድ የሚያስፈልገው ለኛና ለከብቶቻችን ነው። በጥቂቱ ሲሆን ዛፍን ይጠቅማል፤ በጣሊያን ሀገር ኮክና ፒር ላይ በጣም የቀጠነ የሴሌኔት ውኃ ተረጭቶ ፍሬው ቶሎ ሳይለሰልስ ቆይቷል። ሲበዛ ግን በፕሮቲኑ ውስጥ የሰልፈርን ቦታ ይይዝና ያበላሸዋል፣ ቅጠል ይቢጫል፣ ሥር ያጥራል። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። እባካችሁ ሳትለኩ እንዳትሞክሩት።

ታዲያ ዛፎቼን ምን ነካቸው? ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ እያከሰሉ የሚሸጡ አንድ ትልቅ ሰው ጎረቤቴ ናቸው። ቅጠሉን አይተው "አንተ ልጅ፣ መሬቱኮ ኮምጥጧል። ና የከሰሉን አመድ ውሰድ" አሉኝ። አፈሩን አስመረመርኩ፣ የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) 4.9 ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለሦስቱ ዛፎች ኖራና አመድ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ፣ ከላይ የበሰበሰ ፍግ አለበስኳቸው። ሦስቱን ለማነጻጸሪያ እንዳሉ ተውኳቸው። አመዱንና ፍጉን ባንድ ቀን አላደረግኩም፣ ፍጉ ናይትሮጅኑን በአየር እንዳያጣ ሦስት ሳምንት አዘገየሁት።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ኖራ ባገኘው በኩል ፒኤቹ 5.7 ደረሰ። ቅርንጫፎቹ ክንድ አለፉ፣ ቅጠሉም ሰፋ። ኖራ ያላገኙት ሦስቱ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ሳያቸው ያሳዝኑኛል። ይህን ለውጥ ለሴሌኒየም አልሰጠውም። ሥሩን ይመርዝ የነበረው አልሙኒየም ጋብ ስላለና ታስሮ የነበረው ፎስፈረስ ስለተፈታ ነው። ሴሌኒየሙም ተፈትቶ ከሆነ አብሮ የመጣ ትርፍ ነው።

ለሰው ጤና ከታሰበ ደግሞ አፕል ላይ መድከም አያዋጣም፤ ፍራፍሬ በተፈጥሮው ሴሌኒየሙ ጥቂት ነው። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ማዳበሪያቸው ውስጥ ሲጨምሩ ያሰቡት እህሉንና የከብት መኖውን ነው። ለኛም ጤፉና ስንዴው ይቀድማል ባይ ነኝ።

ዘንድሮ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ለቀሩት ሦስት ዛፎች ኖራ እጨምራለሁ። በቢቸና በኩል ዋልካ ላይ አፕል ወይም አቮካዶ የተከላችሁ ካላችሁ የፒኤች ውጤታችሁን ንገሩኝ፣ ከኔ ቀይ አፈር ጋር ላስተያየው።