ከጅማ ቦሌ በአየር፦ ርቀቱ ቀሎኛል፣ ሰዓቱ ነው ያስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች። የበረራ ርቀት ማስላት የምትወዱ ሁሉ፣ ደስታዬን ልንገራችሁ። አሁን ሁለት ከተማ ከሰጣችሁኝ የአየር ርቀታቸውን በወረቀትና በካልኩሌተር አወጣላችኋለሁ።

አጀማመሩን ልዝለለው። ኬክሮስን (የሰሜን-ደቡብ ዲግሪውን) እና ኬንትሮስን (የምሥራቅ-ምዕራብ ዲግሪውን) ለይቶ ማንበብ ነው፣ ይለመዳል። አንድ ምሳሌ ብቻ ላሳያችሁ። የጅማው አባ ጅፋር ማረፊያ 7.67 ሰሜን፣ 36.82 ምሥራቅ ገደማ ላይ ነው። ቦሌ ደግሞ 8.98 እና 38.80። የኬክሮሱ ልዩነት 1.31 ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በ111 ስናባዛው 145። የኬንትሮሱ 1.98 ነው። እሱን በ111 ካባዛችሁ በኋላ በኬክሮሱ ኮሳይን ማባዛት እንዳትረሱ፤ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮቹ እየተቀራረቡ ይሄዳሉና። እኛ ዘንድ ኮሳይኑ 0.99 ስለሆነ 218 ይመጣል። ሁለቱን በፓይታጎረስ ስታገናኟቸው 262 ኪሎ ሜትር ገደማ። በወልቂጤ በኩል ያለው የመኪና መንገድ 350 ያህል ነው፤ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት የሚያውቅ ሰው አይገርመውም።

ለሩቅ ከተማ ይህ አቋራጭ አይሆንም። የምድርን ክብነት የሚያስገባውን የሃቨርሳይን ቀመር ተማሩ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካትን ግን ለማንም አልመክርም።

ራስ ምታቱ ሰዓቱ ነው። አንድ ጎረቤታችን ከጅማ ተነስቶ ቦሌ ላይ የዱባይ በረራ ሊቀይር ነበር። «ስልኬ በ26 ደቂቃ ትደርሳለህ ይለኛል» አለኝ። ስልኩ ያደረገው ግልጽ ነው፦ 262ን ለ600 አካፈለ። ወደ ጅማ የሚመላለሰው ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ እውነት ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት እስከ መጨረሻው እስኪቆም ነው። ያ ባለ ስድስት ምላጭ ፕሮፔለር መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ገና ያኮበኩባል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ይነሳል፣ ከፍታ ይይዛል። ሲደርስም ፍጥነቱን ቀንሶ ነው ለማረፍ የሚሰለፈው። በአጭር መንገድ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ እኔ በማካፈል ብቻ አላምንም። መጀመሪያ 30 ደቂቃ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ የበረራውን እጨምራለሁ። ጅማ ላይ 30 እና 26፣ 56 ደቂቃ። ልክ ገባ! ይህን ለጀማሪ ሳያስተምሩ «ርቀት ሲካፈል ለፍጥነት» ብሎ መልቀቅ ሰውን በረራ ያስመልጣል።

ዱባይ ላይ ግን ዘዴዬ ትንሽ ይጎድላል። ርቀቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጄቱን በ850 ባስበው ከ30ው ደቂቃ ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ትኬቱ አራት ሰዓት ገደማ ይላል። የአየር መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ርቀቱ ላይ መጨመር አለብኝ፤ ምን ያህል የሚለውን ገና እየሞከርኩ ነው። ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ይቀድማል። የመነሻውን ከመድረሻው ዝም ብላችሁ ከቀነሳችሁ አምስት ሰዓት ይመጣባችኋል።

ለረጅም በረራ ስንት በመቶ እንደምትጨምሩ ስሌታችሁን ከነቁጥሩ ጻፉልኝ።