ጽፈሽ ላኪልኝና ልፈርም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን ያልከፈልኩት ቀሪ ሂሳብ፣ እንጃ። ከማተሚያ ቤት ደወሉ። «እህቴ፣ የጀርባው ጽሑፍ ብቻ ነው የቀረን፤ እሱ ካልመጣ ሽፋኑን ማተም አንችልም» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼም አይከብደኝም።

ዲዛይነሩ የላከልኝን ሽፋን ከፍቼ አፍጥጬበታለሁ። ፊቱ ያምራል። ጀርባው ላይ ፎቶዬ አለ፣ ከታች ዋጋው አለ (ወረቀት ሲጨምር ስቲከር ይለጠፍበታል፣ ያው እንደ ሁሉም)፣ መሀል ላይ ደግሞ ግራጫ ሳጥን። «ጽሑፍ እዚህ ይገባል» ይላል። መጽሐፉን ስጽፍ እንዲህ አልተጨነቅኩም። ታሪኩ እምቢ ሲለኝ ትቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት እሱ ራሱ ይመጣል። ይሄኛው አይመጣም።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ አሳታሚ የለኝም። ጸሐፊዋም እኔ፣ አሳታሚዋም እኔ፣ ተበዳሪዋም እኔ። አሁን አስተዋዋቂም ልሆን ነው። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ልይ ብዬ ቴሌግራም ላይ የመጽሐፍ ማስታወቂያ ሳነብ ዋልኩ። ሁሉንም አንድ ሰው ተቀምጦ የጻፋቸው ነው የሚመስሉት። «በጉጉት ሲጠበቅ የነበረው መጽሐፍ ገበያ ላይ ዋለ!» «አንዴ ከጀመሩት ከእጅዎ የማያስቀምጡት!» «ድንቅ የፈጠራ ሥራ!» የኔን በጉጉት የሚጠብቀው ማነው? እናቴና ብር ያበደረኝ አጎቴ። አጎቴ ይብሳል።

ደግሞ ስልክ ላይ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው መስመር ነው። እሱ ካልያዘው ሰው አውራ ጣቱን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ያቺን አንድ መስመር «በጉጉት ሲጠበቅ የነበረው» ይበላታል። ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል ሳይወራ አንባቢው ሄደ።

ማስታወቂያ የሚችል ሰው አይቻለሁ ብል አንድ ነው፣ እሱም አዟሪ ነው። ባለፈው ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክንዱ ላይ የደረደራቸው መጻሕፍት አገጩ ድረስ ደርሰዋል። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ማኪያቶዋን ታማስላለች። ልጁ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ክምሩን አየ፣ ከመሀል አንዱን መዘዘ፤ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። «እህቴ፣ ይቺ ባሏ ከሞተ በኋላ ስልኩን ስትከፍተው ነው» አላት። ከዚያ ዝም።

ሴትዮዋ ማማሰሏን አቆመች። «እና ምን አገኘች?»

«እሱን እኔ ከነገርኩሽ ምን ልትገዢ ነው?»

ሳቀች፣ ትንሽ ተከራከረችው፣ ገዛች። ድንቅ አላለም፣ አይረሴ አላለም፣ የደራሲውን ስም እንኳ አልጠራም። አንድ ነገር ከመጽሐፉ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። እኔ ብሆን «ማኅበራዊ ሕይወታችንን በጥልቀት የሚዳስስ» ብዬ እጀምር ነበር፣ ሴትዮዋም ማኪያቶዋን ትጨርስ ነበር።

እስቲ የሱን ልሞክር አልኩ። ከታሪኮቼ አንዱ ዓረብ አገር ሞታ አስከሬኗ ስለሚመጣ ልጅ ነው። ጻፍኩ፦ «ሳጥኑ ቦሌ ደረሰ። ሲከፈት ግን ውስጥ ያለችው እሷ አይደለችም።» ለእህቴ ላኩላት። «ውይ! ከዚያስ?» አለችኝ። የገዛ እህቴ! ረቂቁን ከላኩላት ስንት ጊዜው፣ እስካሁን «እያነበብኩት ነው» ትለኛለች። ሁለቱ መስመር ግን ያዛት።

ግን ከበደኝ። አንደኛ፣ የሰው ሐዘን ነው። ቦሌ ጭነት ተርሚናል በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመች እናት ያየ ሰው እሷን ለማስታወቂያ ሲጠቀምባት እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ታሪኩ ስለ ሳጥኑ አይደለም። ስለ እናትየዋ ነው፤ ልጇ እንዳልሆነች እያወቀች «የኔው ናት» ብላ ስለምትቀብራት ሴት። ይቺን ከጀርባው ላይ ብጽፋት ታሪኩን አቃጠልኩት። ብተዋት ደግሞ ሰው የወንጀል ልቦለድ መስሎት ይገዛና «ገዳዩ የታል?» ይለኛል። ሳጥኑን ማሳየት፣ እናትየዋን መደበቅ፤ አዟሪው ቢሆን እንዲያ ነው የሚያደርገው። እሱ ግን የኔን ያህል አያስብም፣ ለዚህ ነው የሚሸጠው።

ኋላ ደከመኝና ለጋሼ መ. ደወልኩ። ጀርባ ላይ ትልቅ ሰው አስተያየት ከጻፈ አለቀ ይባላል አይደል? እኛ አገር ራስን ማወደስ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ያወድስሽና አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ትቆሚያለሽ። ምረቃ ላይም ያው ነው፣ ሦስት ሰው ተራ በተራ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲያሞግስ ደራሲዋ ፊት ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለች።

«ጋሼ፣ እንደው ሁለት ሦስት መስመር ቢጽፉልኝ።»

«ምን ችግር አለው ልጄ! አንቺው ጻፊና ላኪልኝ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

ረቂቁን ከሰጠኋቸው ቆይቷል። ከፌስታሉ የወጣ አይመስለኝም። ግን ምን ልበል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁ።

ይሄ ነገር እኛ ጋ ብቻ ነው እንዴ ብዬ ስልኬ ውስጥ ገባሁና ዋልት ዊትማን ላይ ወደቅኩ። አሜሪካዊው ገጣሚ። በፈረንጆቹ 1855 ብሩክሊን ውስጥ የግጥም መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳተመ፣ 795 ቅጂ፤ ከፊሉን ፊደል በገዛ እጁ ነው የለቀመው። ብዙም አልተሸጠም። አንዱን ቅጂ ለኤመርሰን ላከለት፤ ያኔ ኤመርሰን ማለት የአገሩ ትልቅ ጋሼ ነው። ሰውዬው አንብቦ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። የግል ደብዳቤ። ዊትማን ምን አደረገ? ሳያስፈቅድ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ሰጠ። በዓመቱ ሁለተኛው ዕትም ሲወጣ ደግሞ «በታላቅ የሥራ ዘመንህ ጅማሬ ላይ ሰላም እልሃለሁ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ቆርጦ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው የመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በወርቅ አሳተማት። ከነኤመርሰን ስም!

እሱም ብቻ አይደለም። ስሙን ደብቆ ስለ ራሱ መጽሐፍ ሂስ ይጽፍና ጋዜጣና መጽሔት ላይ ያወጣ ነበር። አንዱ «በስተመጨረሻ አሜሪካዊ ባለቅኔ!» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለ ራሱ እኮ ነው! ይሉኝታ ቢስ። ትንሽ ቀናሁበት።

ግን ከዊትማንና ከጋሼ መ. የቱ ይሻላል? ዊትማን ስሙን ሰርቆም ቢሆን ኤመርሰን እውነት አንብቦታል፣ ቃሉም የሱ ነው። እኔ የማገኘው የተፈቀደ ስምና የራሴ ቃል ነው። ገዢውስ? ጀርባውን ገልበጥ አድርጎ የጋሼን ስም ሲያይ የሚያምነው ማንን ነው? ደግሞ ያምናል ወይ? እኔ ራሴ መጽሐፍ ስገዛ የጀርባውን ሙገሳ ዘልዬ መሀል አንድ ገጽ ገልጬ ነው የማነበው። ለምን እንግዲህ ሌላው ሰው እንዲያምነኝ እጠብቃለሁ?

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ በጋሼ አንደበት ጻፍኩት። እሳቸው «እንደው» ማለት ይወዳሉ፣ አንድ ጨመርኩ። «ደራሲዋ እንደው ሳታለቅስ የምታስለቅስ» አልኩ። «ዝምታን መጻፍ የሚችሉ ጥቂቶች ናቸው» አልኩ። ከዚያ መልሼ አነበብኩት። አንዴ አይደለም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሼ ይህን ያህል ይረዱኛል ብዬ በፍጹም አልጠበቅኩም ነበር።