የግል ሥራ አቅጣጫ ሲጠፋው

በግል የሚሠራ ሰው አቅጣጫ ሲጠፋው «ዓላማዬ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ ብዙም አያራምደውም፤ ጥያቄው ከልክ በላይ ሰፊ ነው። ይልቅ ያለፉትን 3 ወራት ሥራዎች ይዘርዝር። ከእያንዳንዱ ጎን ክፍያውን፣ የፈጀውን ሰዓት (የስልክ ንግግሩና የመልእክት ልውውጡ ሳይቀር)፣ ሲጨርስ የተሰማውንም ይጻፍ። ክፍያው ለሰዓቱ ሲካፈል ትልቅ የመሰለው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ደንበኛው የሚጠይቀው ማለቂያ የሌለው እርማት በዋጋው ውስጥ አልገባማ! ስለዚህ ውሉ ላይ 2 ዙር እርማት ብቻ ይጻፍ፤ ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ግማሹ ክፍያ ሥራው ሳይጀመር ይግባ።

ለራስ ፈጠራ የሚሆነው ሰዓት ጠዋት፣ ስልክ ሳይከፈት ነው። ወደ ማታ የተገፋውን ድካም ይበላዋል።

«ዓላማ አለው» ተብሎ በነፃ የሚሠራውም ገደብ ይበጅለት፤ በ3 ወር 1 ሥራ ይበቃል።