ስንጥቁ የመጣው ከኮላው አልነበረም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከፋብሪካ የሚወጣ የማሸጊያ ሳንቃና አሮጌ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ስለሚገኝ፣ አዲስ ጣውላ ለመግዛት አቅም ያጠራቸው ቤተሰቦች ጠረጴዛና መደርደሪያቸውን ከዚሁ ያሠራሉ። እኔ በረዳትነት የምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤትም እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በደስታ ይቀበላል፤ እንጨቱ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከልብ ያልተሠራ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሰው ማየት ለእኔ በጣም ያሳዝናል።

ታኅሣሥ ላይ አንዲት መምህርት ከእንዲህ ያለ ሳንቃ ሌላ ቦታ ያሠሩትን የምግብ ጠረጴዛ በጋሪ አስጭነው መጡ። ጠረጴዛው የተሠራው ነሐሴ ውስጥ ሲሆን እስከ ጥቅምት ምንም አልሆነም ነበር፤ አመዳይ መጣል ሲጀምር ግን ፊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። መምህርቷ ኮላው የለቀቀ ስለመሰላቸው በሌላ ኮላ እንድናጣብቅላቸው ብቻ ጠየቁን።

ጋሼ የምንላቸው ዋና አናጢያችን ጠረጴዛውን አስገልብጠው ስንጥቁን በጣታቸው ተከተሉት። «መምህርት፣ እዚህ ጋ ይመልከቱ፤ ሁለቱ ሳንቃዎች የተጋጠሙበት መስመር እንዳለ ነው፣ የተሰነጠቀው የአንዱ ሳንቃ መሃሉ ነው» አሏቸው። እውነትም ኮላው እንደያዘ ነበር። ጥፋቱ ያለው ከሥር ነው፤ የጠረጴዛውን ፊት ለመደገፍ በአግድም የገቡት ሁለት የባሕር ዛፍ ሞራሌዎች በኮላም በሚስማርም ከእያንዳንዱ ሳንቃ ጋር ተጣብቀው ነበር። እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ በክረምት እርጥበት የተሠሩት ሳንቃዎች የበጋው ደረቅ አየር ሲያገኛቸው ሊጠቡ ሲሞክሩ፣ ርዝመቱ የማይቀንሰው ሞራሌ አላፈናፍን አላቸውና እንጨቱ በደከመበት በኩል ተቀደደ።

«ማህተም ያለው እንጨት እኮ በሙቀት ያለፈ ነው ተብዬ ነበር» አሉ መምህርቷ። ማህተሙ በእርግጥ ነበረበት፤ የስንዴ ዛላ ምልክት፣ የአገር መለያና «ኤችቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በሳንቃው ጎን ይነበባሉ። ይህ ማለት ግን ተባይ እንዲሞት የእንጨቱ ውስጠኛ ክፍል በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቋል ማለት እንጂ ደርቋል ማለት አይደለም። ደርቆ የመጣውም ቢሆን ክረምቱን ደጅ ዝናብ ሲመታው ከከረመ መልሶ ውኃ ይጠጣል።

ሚስማሮቹን በጉጠት ነቅለን ሞራሌዎቹን ካላቀቅን በኋላ የጠረጴዛውን ፊት በስንጥቁ ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፈልነው። ክፍሎቹን በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባን ጥላ ሥር ደረደርናቸውና አንዱን በየሳምንቱ በኪሎ እንመዝን ነበር፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ጠርዛቸውን ልገን በኮላ አጋጠምናቸው። ስፋቱ ትንሽ ቀነሰ። ሞራሌዎቹ የተመለሱት ግን ያለ ኮላና ያለ ሚስማር ነው፦ ከሞራሌው የብሎን ቀዳዳዎች መሃል ላይ ያለው ክብ ሆኖ የቀሩት በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ ሞላላ ተደረጉ፤ ብሎኖቹም ሳንቃው ሲጠብም ሲሰፋም እንዲንሸራተቱ በሮንዴላ ላይ ገቡ። ለዚህ ጥገና የወጣው ገንዘብ ከጥቂት ብሎንና ከኮላ ዋጋ እምብዛም አያልፍም፤ የሚወስደው ጊዜን ነው፣ በርካሽ እንጨት የሚሠራ ሰው የሚሰስተውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ወደ ሥራ ቤቱ የሚገባ አሮጌ ሳንቃ ሁሉ የገባበት ቀን በእርሳስ እንዲጻፍበት አዘዋል። መምህርቷም ለልጆቻቸው የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚሆን ተጨማሪ ሳንቃ ያመጡ ሲሆን፣ «ኤምቢ» የሚል ማህተም የተገኘበትን ጋሼ ለብቻ አወጡት። ያ እንጨት ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ በመሆኑ ለቤት ዕቃ እንደማይሠሩበት፣ ለምጣድ ማገዶም እንዳያደርጉት ነገሯቸው፤ መደርደሪያው በቀሩት ሳንቃዎች አንድ እርከን አጥሮ ተሠራ።